«ጤናማ» የተባለ ሁሉ ጤና ይሰጣልን?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አባቶቻችን። የሰውን ስም የሚያወጣው መልአክ ይሁን፤ በካርቶንና በቆርቆሮ ታሽጎ በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ለሚቆመው ምግብ ስም የሚያወጣለት ግን ነጋዴው ራሱ መሆኑ የታወቀ ነው። ጠላ የምትሸጥ ሴት «ጠላዬ ጎምዝዟል» ብላ እንደማትጣራ ሁሉ፣ ብስኩት የሚሠራ ፋብሪካም በመጠቅለያው ፊት «ስኳሩ በዝቷል» ብሎ በትልቅ ፊደል አይጽፍም። «ተፈጥሯዊ»፣ «ቅባት የሌለበት»፣ «በቪታሚን የበለጸገ»፣ «ለጤና ተስማሚ» እያለ ይጽፋል እንጂ። ከእነዚህ ቃላት ብዙዎቹ ውሸት አይደሉም። ነገሩን አስቸጋሪ ያደረገውም ይኸው ውሸት አለመሆናቸው ነው።

ወደ ሩቅ አገር ከመሄዳችን በፊት ከራሳችን ቤት እንጀምር። አንድ አጎት አሉን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐኪም የስኳር በሽታ እንዳለባቸው በነገራቸው ዕለት፣ እቤታቸው እንደ ገቡ የስኳሩን ዕቃ አንሥተው ለጎረቤት ሰጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮም ሻያቸውን በማር መጠጣት ያዙ፤ «ማር መድኃኒት ነው፤ እንደ ስኳር ፋብሪካ የሠራው አይደለም» ይሉ ነበር። እኛም በበኩላችን የመጀመሪያ ደመወዛችንን በተቀበልን ጊዜ ልንጠይቃቸው ስንሄድ፣ «ስኳር ያልተጨመረበት» የሚል በጉልህ የተጻፈበት የብርቱካን ጭማቂ በካርቶን ገዝተን ይዘንላቸው ሄድን። ደስ አላቸው፤ መረቁን። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ጭማቂ ማምጣት ልማዳችን ሆነ። ከጥቂት ወራት በኋላ በእግራቸው ጣት ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሎ ሐኪም ዘንድ ስንወስዳቸው፣ የደማቸው ስኳር ከመጀመሪያው ጊዜ ይልቅ ከፍ ብሎ ተገኘ።

«አባባ፣ ጣፋጭ ነገር ይወስዳሉ?» ሲል ሐኪሙ ጠየቃቸው።

«ኧረ ልጄ፣ ከዚያ ወዲህ ስኳር የሚባል ነገር አፌ ገብቶ አያውቅም።»

«ታዲያ ምን ይጠጣሉ?»

«ሻይ በማር። ልጆቹ ደግሞ ጭማቂ ያመጡልኛል፤ ስኳር የሌለውን።»

ሐኪሙ ወደ እኛ ዘወር ብሎ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም አጎታችንን፣ «ብርቱካኑን ልጠው ቢበሉት ኖሮ በአንድ ጊዜ ስንት ይበሉ ነበር?» አላቸው። «አንድ፤ ቢበዛ ሁለት» አሉት። «በአንድ ብርጭቆ ግን የሦስቱን ስኳር በአንድ ትንፋሽ ይጠጡታል፤ ያውም የሚያጠግበውን አሠሩን ጥለው» አላቸው።

የአጎታችን ሕመም ሁሉ የመጣው በጭማቂው ነው አንልም፤ የስኳር በሽታ ብዙ ምክንያት ያለው ነገር ነው። ቁስላቸውም በብዙ ድካም ድኗል። ነገር ግን በካርቶኑ ጀርባ ላይ የስኳሩ መጠን በግራም ተጽፎ ነበር። አጎታችን ጽሑፉ የተጻፈበትን ቋንቋ አያነቡም፤ እኛ ግን በዩኒቨርሲቲ ዓመታት አሳልፈን፣ ማንበብ እየቻልን የፊቱን አምነን ጀርባውን ሳናነብ ቀረን። ይህንን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ይኸው ነው።

ማርና ጭማቂ

የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ (የውጭውን ታሪክ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠራቸዋለን) ሰው በቀን ከሚያገኘው የምግብ ኃይል ከስኳር የሚመጣው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ከተቻለም ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል። 5 በመቶ ማለት ለአንድ ለአቅመ አዳም ለደረሰ ሰው 25 ግራም ያህል፣ ማለትም ስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ደግሞ ድርጅቱ «ስኳር» ሲል በስኒ የምንጨምረውን ነጩን ዱቄት ብቻ አለማለቱ ነው፤ ማርም፣ ሽሮፕም፣ የተጨመቀ የፍራፍሬ ውኃም በዚሁ ሒሳብ ውስጥ ይገባሉ። ማር ከመቶው ሰማንያ እጅ ያህሉ ስኳር ነው። በአንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ውስጥ ደግሞ ከ20 ግራም ያላነሰ ስኳር አለ።

እንግዲህ ሒሳቡን እናስላ። በመሥሪያ ቤት ጧት አንድ፣ በረፍት ሰዓት አንድ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ሻይ በሁለት በሁለት ማንኪያ የሚጠጣ ጸሐፊ ስድስቱን ማንኪያ ጨርሷል። ከምሳ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ጭማቂ ቤት ጎራ ብሎ፣ «ዛሬስ ጤናማ ነገር እንጠጣ» በማለት አቮካዶና ማንጎ የተደራረበበትን ስፕሪስ ሲያዝ፣ ያውም ከላዩ ሽሮፕ ሲፈስበት፣ ሌላ ቀን ሙሉ የሚበቃ ስኳር በአንድ ብርጭቆ ጨመረ ማለት ነው። ፍራፍሬው ራሱ በደል የለበትም፤ ከነአሠሩ ታኝኮ ሲበላ ከመልካም ምግቦች አንዱ ነው። በዛፉና በብርጭቆው መካከል የተደረገበት ነገር ግን ጠባዩን ለውጦታል።

አንድ ቃል በሕግ ፊት ሲቀርብ

«ጤናማ» የሚለው ቃል ምን ማለት ነው? ይህ ጥያቄ የፍልስፍና ተማሪዎች ብቻ የሚከራከሩበት የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት ያህል እንደ ተቸገረበት ይወቅ። መሥሪያ ቤቱ በ1994 አንድ ምግብ በመጠቅለያው ላይ ይህን ቃል ለመጻፍ ምን ማሟላት እንዳለበት ደነገገ። ድንጋጌው ቅባትን፣ ኮሌስትሮልንና ጨውን ይወስን ነበር፤ ስለ ተጨመረ ስኳር ግን አንዳች ቃል አልተናገረም። ከዚህም የተነሣ ስኳር የበዛበት የቁርስ እህል ቪታሚን ስለ ተጨመረበት ብቻ «ጤናማ» ሊባል ሲችል፣ ሳልሞን የተባለው ዓሣና ለውዝ ግን ቅባታቸው ከተወሰነው በለጠ ተብለው ስሙ ተከለከላቸው። ይህ ሁኔታ የተለወጠው በ2024 ታኅሣሥ ወር መሥሪያ ቤቱ አዲስ ትርጓሜ ባወጣ ጊዜ ነው፤ በአዲሱ ትርጓሜ የተጨመረ ስኳር ልክ ተበጅቶለታል፤ ለውዝና ሳልሞንም ስማቸውን አግኝተዋል።

አንባቢ፣ «ይህን ያህል ዘመን ስኳር እንዴት ተዘነጋ?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። አንደኛው ምክንያት የዘመኑ ዕውቀት ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ የልብ ሕመም እየበዛ ሲሄድ ሊቃውንቱ ጣታቸውን በይበልጥ ወደ ቅባት ቀሰሩ፤ በ1977 የአገሩ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ኮሚቴ ባወጣው የአመጋገብ ግብ ሕዝቡ ቅባት እንዲቀንስ ተመከረ። ኮሚቴው ስኳርም ይቀነስ ብሎ ነበር፤ ነገር ግን በገበያው ጆሮ ውስጥ የቀረው የቅባቱ ነገር ሆነ። ፋብሪካዎችም ቅባቱን አወጡ። ቅባት ሲወጣ ጣዕም አብሮ ይወጣልና፣ የጎደለውን ለመሙላት በብዙ ምግቦች ላይ ስኳርና ዱቄት ተጨመረ። ገዢውም «ቅባት የሌለበት» የሚለውን አንብቦ፣ አንዱን ብስኩት ሊበላ ያሰበው ሰው አምስቱን በላ።

ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። በ2016 የወጣ አንድ ጥናት እንዳጋለጠው፣ በ1960ዎቹ ዓመታት የስኳር ነጋዴዎች የምርምር ማኅበር ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት 6 ሺህ 500 ዶላር ከፍሎ ነበር፤ ሊቃውንቱም በ1967 በታወቀ የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ የስኳሩን ጥፋት አቅልለው የቅባቱን አጉልተዋል። ከፋዩ ማን እንደ ነበረ በጽሑፉ ላይ አልተገለጸም። እርግጥ ነው፣ በዚያ ዘመን የገንዘብን ምንጭ መግለጽ ግዴታ አልነበረም፤ ስለ ቅባት የተባለውም ሁሉ ሐሰት አልነበረም፤ ይህን ታሪክ እንደ ትልቅ ሤራ መቁጠር አይገባም የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎችም አሉ። ቢሆንም ለተማሪ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ «ሊቃውንት እንዲህ አሉ» የሚል ጽሑፍ ስናነብ፣ ሊቃውንቱን ማን ቀጠራቸው ብሎ መጠየቅ ነውር አለመሆኑን።

ከአትክልት የተገኘ ሁሉ

ስኳር ከቅባት ጀርባ ተሸሽጎ እንደ ኖረ ሁሉ፣ ራሱ ቅባትም አትክልት በሚል ስም የተሸሸገበት ጊዜ አለ። ቪልሄልም ኖርማን የተባለ የጀርመን ኬሚስት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ፈሳሽ ዘይት በሃይድሮጂን አማካይነት እንደ ቅቤ የሚረጋበትን ዘዴ አገኘ። በ1911 ፕሮክተርና ጋምብል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከጥጥ ፍሬ ዘይት የረጋ ቅባት «ክሪስኮ» ብሎ ለገበያ አቀረበ። ርካሽ ነበር፤ ቶሎ አይበላሽም ነበር፤ ከሁሉም በላይ ከእንስሳ ሳይሆን ከአትክልት የተገኘ ነበር። ኋላም ስለ ቅቤ ክፉ መወራት በጀመረ ጊዜ፣ ብዙ ቤተ ሰብ ልቡን ሊጠብቅ ብሎ ቅቤውን ትቶ ማርጋሪን ቀባ።

ዘይቱ በከፊል ሲረጋ ትራንስ ፋት የሚባለው የቅባት ዓይነት በውስጡ እንደሚፈጠር በኬሚስቶች ዘንድ የታወቀ ነበር። በ1990 ሁለት የሆላንድ ተመራማሪዎች ይህ ቅባት በደም ውስጥ ክፉውን ኮሌስትሮል ከፍ፣ ደጉን ደግሞ ዝቅ እንደሚያደርግ አሳዩ፤ ይህም ማለት ሰዎች ከሸሹት ቅቤ የባሰ ሆኖ ተገኘ። ዴንማርክ በ2003 ከመቶ ግራም ቅባት ከ2 ግራም በላይ እንዳይገኝበት በሕግ ከለከለች። አሜሪካ በ2015 ወስና ከ2018 ጀምሮ አስቀረችው። የዓለም የጤና ድርጅትም በዚያው በ2018 ዓለም ሁሉ እስከ 2023 ድረስ እንዲያስወግደው ጥሪ አደረገ፤ ብዙ አገሮች ሕግ ቢያወጡም ግቡ በተባለው ዓመት ሙሉ በሙሉ አልደረሰም።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በጾም ወራት ቅቤና ወተት ስለማይቀመስ፣ በየኬክ ቤቱ «የጾም» እየተባለ የሚሸጠው ኬክና ብስኩት የሚለሰልሰው በረጋ የአትክልት ቅባት ወይም በማርጋሪን ነው። ብዙ ሰው ደግሞ የጾም ምግብ ሁሉ ለጤና ይስማማል ብሎ ያምናል። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑና ተልባው በእርግጥ ይስማማሉ። ጾም ግን ለነፍስ የተሠራ ሥርዓት እንጂ ለኬክ የተሰጠ የጤና ምስክር ወረቀት አይደለም።

ስለ ዘይትም ቢሆን ሳይለዩ መናገር ያሳስታል። የቤት እመቤቶቻችን «የሚረጋ ዘይት» እያሉ ሲያማርሩበት የኖሩት የፓልም ዘይት የሚረጋው በሃይድሮጂን ስለ ታከመ ሳይሆን፣ በተፈጥሮው ግማሽ ያህሉ ጠጣር ቅባት ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ ትራንስ ፋት ካለበት ቅባት ጋር አንድ አድርጎ መክሰስ አይገባም፤ ከኑግ ወይም ከሱፍ ዘይት ጋር እኩል ነው ማለትም አይቻልም። በርሜሉ ላይ የተጻፈው «የአትክልት ዘይት» የሚለው ቃል ለሦስቱም እውነት ነው፤ ለገዢው ግን ምንም አይነግረውም።

ከበሽተኛ ቤት ወደ ልጆች ገበታ

የቁርስ እህል ታሪክ ደግሞ መልካም አሳብ ያለው ምግብ እንዴት ቀስ በቀስ እንደሚለወጥ ያሳያል። በ1863 ጄምስ ካሌብ ጃክሰን የተባለ አሜሪካዊ፣ በሚያስተዳድረው የሕሙማን ማገገሚያ ካልተነፋ ዱቄት «ግራኑላ» የተባለ ምግብ ሠራ፤ ከጥንካሬው የተነሣ ሌሊቱን ካልተነከረ የማይታኘክ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በሚሺጋን ክፍለ ሀገር ዶክተር ጆን ኬሎግና ታናሽ ወንድሙ ዊል ለሕሙማን የሚሆን ስስ የእህል ቅርፊት ሠሩ። ወንድማማቾቹ ከተጣሉባቸው ነገሮች አንዱ ስኳር ነበር፤ ታናሹ ገበያ እንዲያገኝ ስኳር ይግባበት ሲል ታላቁ አይሆንም አለ። ታናሹ በ1906 የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። በ1952 ይኸው ኩባንያ በስኳር የተለበጠውን ቅርፊት በነብር ሥዕል አስጊጦ ለሕፃናት አቀረበ። እህሉ ያው እህል ነው፤ «ከእህል የተሠራ» የሚለውም ቃል አልሐሰተም። የበሽተኛው ምግብ ግን ከረሜላ ሆነ።

ዛሬ በከተማችን ትልልቅ ሱቆች ይህ የቁርስ እህል በውድ ዋጋ ይሸጣል። ወጣቱ ባለደመወዝ ለልጁ ወይም ለታናሽ ወንድሙ ሲገዛው ሥልጣኔንም ጤናንም አብሮ የገዛ ይመስለዋል። ጤፍ ግን ፍሬዋ ከማነሷ የተነሣ የፍሬዋ ቅርፊት ተለይቶ ሊወገድ ስለማይችል፣ ሁልጊዜ ከነሙሉ አካሏ ትፈጫለች። ፈረንጅ «ያልተነፋ እህል» ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ የሚያስከፍልበትን ነገር፣ ጤፍ ማንም ሳይጽፍባት ይዛው ትገኛለች።

የቺሌ ጥቁር ምልክት

በደቡብ አሜሪካ የምትገኘው ቺሌ ለዚህ ሁሉ አንድ ቀላል መልስ አገኘች። በ2012 ያወጣችውን ሕግ ከ2016 ጀምሮ በሥራ ስታውል፣ ስኳሩ፣ ጨው ወይም ጠጣር ቅባቱ፣ ወይም ካሎሪው ከተወሰነው ያለፈ ምግብ ሁሉ በመጠቅለያው ፊት ስምንት ማዕዘን ያለው ጥቁር ምልክት እንዲለጠፍበት አዘዘች። ይህን ምልክት የያዘ ምግብ በትምህርት ቤት እንዳይሸጥ፣ ሕፃናትን በሚስብ ሥዕልም እንዳያጌጥ ከለከለች። ያ በ1952 የተወለደው ነብርም ከካርቶኑ ወረደ። ሕጉ በሥራ ላይ በዋለ በመጀመሪያዎቹ 18 ወራት ምልክት የተለጠፈባቸው መጠጦች ግዢ 24 በመቶ ያህል እንደ ቀነሰ ጥናት አሳይቷል። የቺሌ መንግሥት ጀርባው ላይ የተሸሸገውን ወደ ፊት አወጣው።

በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በለስላሳ መጠጦችና ጎጂ በተባሉ የረጉ ቅባቶች ላይ ቀረጥ ጥሏል። ይህ መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን ቀረጥ ዋጋን ይጨምራል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። መርካቶ ገብታ ከውጭ የመጣ ቆርቆሮ የምታነሣ እናት፣ በእንግሊዝኛ ወይም በዐረብኛ የተጻፈውን ማንበብ ካልቻለች፣ ለእሷ የቆርቆሮው ጀርባ ባዶ ነው።

በዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳትብን እንፈልጋለን። ነገሩን «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ብለን ብቻ ልንዘጋው አንችልም። ፋብሪካ የነካው ሁሉ ተበላሸ፣ ከጓዳ የወጣው ሁሉ ተባረከ ማለት ሌላ ዓይነት ዕውርነት ነው። ጨዋችን አዮዲን እንዲገባበት መደረጉ እንቅርትን የሚከላከል የፋብሪካ ሥራ ነው። «ከላሚቱ የታለበ ነው፤ ንጹሕ ነው» ተብሎ ሳይፈላ የሚጠጣ ወተት ግን የሳንባ ነቀርሳና የብሩሴላ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። በቤት የተሠራ ወጥም ጨውና ዘይት ከበዛበት የቤት ስለ ሆነ አይማርም። ስለዚህ የምንመረምረው ምግቡ የመጣበትን አገር አይደለም፤ ከማሳው እስከ ገበታው ምን ተቀነሰለት? ምን ተጨመረበት? ማለት ይገባናል።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ወጣቶች አንዳንዶቹ ነገ በደረጃ መዳቢዎች ኮሚቴ ይቀመጣሉ፤ አንዳንዶቹ የተማሪ ቤትና የሆስፒታል የምግብ ግዢ ይፈርማሉ፤ አንዳንዶቹም የጽሑፍ መለጠፊያ ደንብ ያረቃሉ። ደንቡ በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች፣ በፊት ለፊት፣ ማንም በሚረዳው ምልክት ይሁን ብለን ከአሁኑ አደራ እንላለን። እስከዚያው ድረስ ግን እያንዳንዳችን ልናደርገው የምንችለው ትንሽ ነገር አለ። ካርቶኑን እንገልብጠው። በዝርዝሩ ላይ በመጀመሪያ የተጻፈው በብዛት የገባው ነው፤ ግሉኮስ፣ ዴክስትሮስ፣ የበቆሎ ሽሮፕ የሚሉት ሁሉ የስኳር ሌሎች ስሞቹ ናቸው፤ «በከፊል በሃይድሮጂን የረጋ» የሚል ከተገኘ ወደ መደርደሪያው መመለስ ነው፤ ቁጥሩ የተሰላው ለሙሉው ካርቶን ይሁን ለጥቂት ግራም ብቻ ደግሞ ማየት ያስፈልጋል።

አጎታችን ዛሬ ሻያቸውን ያለ ማር ይጠጣሉ። ልንጠይቃቸው ስንሄድ የምንይዝላቸው ብርቱካን ነው፤ አንዱን ልጠን እንሰጣቸዋለን፤ የቀረውን ለልጆች ያካፍላሉ። በመጀመሪያው ቀን ግራ ቀኝ አገላብጠው ካዩት በኋላ፣ «ይህስ ምንም አልተጻፈበትም» ብለው ሳቁብን።